በርጫ ላይ ያለቀ ስብሰባ

ውድ ናሲሞ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ይህን ወረቀት የጅጅጋ ሚኒባስ የሚነዳው ዮኒስ እህትሽ ቤት ድረስ አምጥቶ ይሰጥሻል። መደወል ይቻል ነበር። ግን ስልክ ካነሳሁ እኔ ነኝ የማወራው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ወረቀት ላይ እጄ ቀርፋፋ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ እጅ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ሁለቴ አስባለሁ። ደክሞኛል ናሲሞ። የሰውነት ድካም አይደለም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ትክክል ሆኖ የመኖር ድካም ነው።

ከሄድሽ አርባ ቀን ሊሞላ ነው። የገበያችን ሴቶች "ናሲሞ ሳትመለስ አንፈርምም" እንዳሉ ናቸው። አርባችንም የመረከቢያውን ውል ካልፈረምን አዲሱ ሼድ ለሌላ ማህበር ይሰጣል፤ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው። ይህን የምነግርሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። በኔ ምክንያት የመጣ ስለሆነ፣ የሆነውንም አንድ ጊዜ ሳላሳምር ልጽፈው ስለፈለግኩ ነው።

ሼዱ አርባ መደብ አለው። ሃያ ስምንቱ ቆርቆሮ ሥር ነው፤ አሥራ ሁለቱ በደቻቱ ወንዝ በኩል፣ ጣሪያ የሌለው። ያን ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እንደ ልማዳችን ጉሌድ ቤት በርጫ ላይ ተቀምጠናል፤ ዘጠኝ ወንዶች፣ ሁላችንም ልብስና ጫማ ሻጮች። ጫቱ ጥሩ ነበር፣ ጨዋታውም። ጉሌድ "ጨርቅ ፀሐይ ካገኘው ይነጣል፤ ቲማቲም ግን ድሮም ያደገው ፀሐይ ላይ ነው፣ ምን ይሆናል?" አለ። ሳቅን። አንዱ ዱዓ አደረገ፣ "አሚን" አልን፣ አለቀ። አትክልት ሻጮቹን በሙሉ ደቻቱ በኩል ጻፍኳቸው። አንቺ ምክትሌ ነሽ፣ ራስሽም አትክልት ሻጭ ነሽ፤ አንቺን መጠየቅ ግን በሐሳቤም አልመጣም። በርጫ ላይ የተባለ ነገር ለኔ የተመከረ ነገር ነበር። እንደዚህ ስመራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ዝርዝሩን አነበብኩ። ተነሳሽ። እንደ ወትሮሽ እንደ አጎትሽ አክብረሽ ነው የጠራሽኝ።

"አዴር፣ ይሄ መቼ ተመከረ?"

"ትናንት።"

"የት?"

ከኋላ ሰው ሳቀ። ጉሌድ ጫማውን ያያል።

"አቦ፣ ታዲያ እኛን ለምን ጠራችሁን? ልናጨበጭብ?"

"ተቀመጪ! የሚመክር ሰው መክሯል" አልኩሽ፣ በአርባ ሰው ፊት። አልተቀመጥሽም። የማህበሩን ማህተም ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ፣ ሻሽሽን አስተካከልሽና ወጣሽ፤ በዚያው ጅጅጋ እህትሽ ጋ ሄድሽ። ብትጮሂ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የማህበር መሪዎችን ከዚራ ሰፈር አንድ አዳራሽ ሰብስበው ሦስት ቀን ስለ አመራርና ስለ ተግባቦት አስተማሩን። ከኛ ማህበር እኔና ጉሌድ ነን የሄድነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለምሳው ነበር። አሠልጣኟ ሉብና የምትባል፣ የልጄ እኩያ ናት። በሁለተኛው ቀን ባዶ ወረቀት አደለችንና "ሌላ ሰው በነገራችሁ ነገር ምክንያት የለወጣችሁትን አንድ ውሳኔ ጻፉ" አለች። ቀላል መሰለኝ። እስክሪብቶዬን ከፍቼ ያዝኩ።

ጉሌድ በክርኑ ነካኝ። "ወሪያ አንተ ዋርፋ፣ ፈተና ከሆነ አስኮርጀኝ።"

"ባዶ ነው።"

"የኔም። በል አብረን እንወድቃለን።"

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልቻልኩም። ሩብ ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አንድ ነገር አጣሁ። ሉብና አጠገቤ መጥታ አየች፤ ደግ ልጅ ናት፣ "አባባ፣ ካልመጣልዎት ቤት ይዘውት ይሂዱ" አለችኝ። ይዤው ሄድኩ።

ብቻውን ለሚኖር ሰው ባዶ ወረቀት ይዞ መቀመጥ ጥሩ አይደለም። ሃሊሞ መጣችብኝ። ሚስቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል፤ በሕይወት ሳለች "አንተ ስትሰማም ትናገራለህ" ትለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ "ዋርፋ፣ ከሆዴ ግርጌ የሚወጋኝ ነገር..." ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም። "ውሃ አትጠጪም፣ ኩላሊት ነው" ብያት ወጣሁ። ሁለተኛ አልነገረችኝም። ለአንቺ ነገረችሽ። ሐኪም ቤት የወሰድሻት አንቺ ነሽ። እኔ በሽታዋን ያወቅኩት ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ያውም ከአንቺ አፍ፣ ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በዚያ ምክንያት ቂም ይዤብሽ ነበር። አልጋዋን ስታነጥፊላት እያየሁ፣ ስትሞትም አጥበሽ ስትከፍኛት እያወቅኩ፣ "ለምን ለሷ? ለምን ለኔ አልነገረችኝም?" እል ነበር። ሰግጄ እጄን ስዘረጋ እንኳ ይህ ነገር ከዱዓዬ ይቀድም ነበር። ስብሰባው ላይ "ተቀመጪ" ያልኩሽ ስለ መደብ አልነበረም። ሃሊሞ ከኔ አስበልጣ ያመነቻትን ሴት ነበር ዝም ለማሰኘት የፈለግኩት። ጥፋቱ የኔ፣ ቂሙ በአንቺ ላይ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺን ግን ይቅር በዪኝ ብዬ አላጣድፍሽም።

ከሥልጠናው በኋላ ሦስት ቀን በበርጫ ሰዓት ጉሌድ ቤት አልሄድኩም። መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ሄጄ ለአንቺ በጻፍኩት መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ሲሚንቶው ይፋጃል። ሽንኩርት ሻጯ ኪንሲ ከአሮጌው ቦታ ሆና ታየኛለች። በመጀመሪያው ቀን "ኧረ አዴር፣ ልትበስል ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። በሁለተኛው ቀን ጃንጥላ ላከችልኝ። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ፀሐዩን። ሁሉንም።"

"አንተ ጋ ሰው ሲመጣ መልሱን ይዘህ ነው የምትጠብቀው። ናሲሞ ትሰማን ነበር፣ ለሷ ነገርናት። እሷ ለአንተ ነገረችህ። ምን አልካት?"

ዱካውን ለቀቅኩላት። ተቀመጠች።

ዝም ስል ጊዜ ኪንሲ ብዙ ነገረችኝ። ለካ ፀሐዩ ብቻ አይደለም፤ ክረምት ደቻቱ ሲሞላ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። "በዕጣ ይሁን፣ በየስድስት ወሩም ይዙር፣ ሁላችንም እንቅመሰው" አለች። ይህን ያህል ቀላል ነገር። ሄጄ ለጉሌድ ነገርኩት።

"አቦ አበድክ! ዕጣው ለኔ ፀሐዩን ቢያወጣልኝስ?"

"ትነጣለሃ" አልኩት። ተሳደበ፤ ግን እምቢ አላለም።

ናሲሞ፣ ይህ ደብዳቤ መጀመሪያ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ሊቀመንበርነቱን ለአንቺ ትቼ ልወርድ ጽፌ፣ ፈርሜበት ነበር። ከፈረምኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ማንንም አልጠየቅኩም። አንቺን እንኳ ትፈልጊው እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። ያንንም ብቻዬን ጨርሼው ነበር። ቀደድኩትና ይህን ጀመርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስብሰባ አለ። ድልድሉ እዚያው፣ ሁሉም ባለበት ይሠራል። የተናገርኩሽን ቃል በዚያው አርባ ሰው ፊት አጥፍቻለሁ ብዬ አነሳዋለሁ፤ አንቺ ባትኖሪም አነሳዋለሁ። ሼዱ ቢቀርብንም ያስቀረሁት እኔ መሆኔን ለወንዶቹ እናገራለሁ። ልቆይ ወይስ ልውረድ የሚለውን ደግሞ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።

ዮኒስ ረቡዕ ይመለሳል። አልመጣም ካልሽ አልመጣም ብለሽ ላኪልኝ፤ ለምን ብዬ አልከራከርሽም። ብትመጪ ምን እንደምትይ አላውቅም፣ ለመገመትም አልሞከርኩም። ስብሰባ ምን ላይ እንደሚያልቅ ሳላውቅ ገብቼ አላውቅም። ትንሽ ያስፈራል።

አላህ በጤና ያቆይሽ።

አዴርሽ ዋርፋ
ድሬዳዋ