ታቦቱ ሳይወጣ

ሐምሌ 14፣ ጧት

ዛሬም ዝናብ። አየህ ማስታወሻዬ፣ አባባን ለሁለት ቀን ጠይቄ ወደ ጎንደር ልመለስ ብዬ መጥቼ ይኸው ታሰርኩ። የደባርቁን መንገድ ናዳ ዘግቶታል። ስልክም አይሠራም። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ጥቁር ነው። በመጋቢት ተራራው ላይ የነደደው የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ አመዱ ገና አላለቀም። ጎረቤታችን አያ ደሴ ያኔ አመድ ለመሬት ሸጋ ነው እያለ ደስ ብሎት ነበር። ትናንት ጎርፉ ማሳውን ጠርጎ ወሰደበት።

ሐምሌ 16

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ወጥቼ አየሁ። እሳት የበላው አፈር ውሃ አይጠጣም፤ የዘነበው ሁሉ ቁልቁል ይንደረደራል። አፈሩን የሚይዝ ሥር የለ። ከቃጠሎው በኋላ የአስታውን ጉቶ ሰው ለማገዶ እየነቀለ ጨርሶታል። እኛም ቤት ጓሮ ተቆልሏል። ከቤ/ክ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል፣ ክንዴ ይገባበታል። ፈራሁ።

ሐምሌ 17

አባባ ቄስ ነው፣ ያለፈው ሳምንት ሰሞነኛ። ሰሞነኛ ተራው እስኪያልቅ ከቤ/ክ ግቢ አይወጣም፣ ቤቱም አያድርም። ተራው ትናንት አልቋል። ተረካቢው ቄስ ግን ከወንዙ ማዶ ናቸው፣ ወንዙ ሞልቷል። ስለዚህ አባባ እዚያው፣ ስንጥቁ ሥር። ወደ ት/ቤቱ ጉብታ እንውጣ ብዬ ለመንኩት። ታቦቱን ጥዬ? አለኝ። ተናደድኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ከቤ/ክ ታች ያሉትም ያው ናቸው። በየቤቱ ዞሬ ውጡ አልኩ። አያ ደሴ ሳቀብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ታቦቱ እያለ የት ልንሄድ?»

ሐምሌ 18፣ ከሰዓት

ስንጥቁ ሰፍቷል። የግቢው አጥር ግማሹ ከጭቃ ጋር ወርዷል። ብርድ ልብሴን ይዤ መጥቼ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀመጥኩ። አባባ ካልወጣ አልወጣም። ሂጂ አለ፣ ተቆጣ፣ ለመነ። እኔም ያው የሱው ልጅ ነኝ፣ ግትር።

ታቦቱም ይውጣ አልኩት። ያለ ንግሥ፣ ያለ ደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ እንዴት ተደርጎ? አለ። አስተዳዳሪውም ማዶ ናቸው። ከናዳው ይልቅ ይሄን እንደሚፈራ ፊቱ ላይ አየሁ። አዘንኩለት፣ ግን አልተውኩትም። ታቦቱ ከወጣ ታች ያለው ሰው አንድ ሳይቀር ይከተላል አልኩት።

ቁልቁል ቤቶቹን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ኃጢአቱ በኔ ይሁን ብሎ ልብሰ ተክህኖውን ሊለብስ ገባ። ደወሉን እንድደውል ነግሮኛል። ዝናቡ ጀመረ። ልሂድ