ተራራ ስለጋረደው የሂርና ዝናብ

ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጨርጨር ተራሮች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት
ለክቡር ሥራ አስኪያጁ
ጭሮ

ጉዳዩ፦ ለመሰላ የተሰጠው የጎርፍ ሳይረን ለሂርናም እንዲተከልልን ስለመጠየቅ

አመልካች ወ/ሮ ኡምኩልሱም ሙሜ እባላለሁ፤ የሂርና ነዋሪና ጫት ነጋዴ ነኝ። ቤቴ ከገበያው በታች፣ የጎርፍ መውረጃው አፋፍ ላይ ነው። ክቡርነትዎን የማስቸግረው ቢጨንቀኝ ነውና በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

1. ፕሮጀክቱ ከባድ ዝናብ የሚጥልበትን ቦታ በራዳር መረጃ አስጠንቶ ውጤቱን ካቻምና በቀበሌያችን አዳራሽ አሳይቶናል። በካርታው ላይ ጎረቤታችን መሰላ ቀይ፣ ማለትም ከባድ ዝናብ ያለባት፣ ሂርና ግን ነጭ ሆና ታየች። በዚሁ መሠረት ሳይረኑ መሰላ ተተከለ።

2. እኔም ተነሥቼ የእኛ ዝናብ የት ገባ ብዬ ጠየቅሁ። ባለሙያው አቶ ጅብሪል በእኛ በኩል የራዳሩን ጨረር ተራራ እንደሚጋርደው፣ ነጩ ቦታ አልዘነበም ሳይሆን አልታየም ማለት እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል። አላህ ይስጣቸው፣ እውነቱን አልሸሸጉም። ሳይረኑን የደለደሉት ሰዎች ግን ነጩን አይተው ሂርና ዝናብ የለም አሉ።

3. ባለቤቴ አቶ ሳቢት ሁለት ቤት አለው። አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላው መሰላ ያለው የጣውንቴ የወ/ሮ ፋጤ። አዳሩ በሸሪዓው መሠረት እኩል ነበር። ሳይረኑ ከተተከለ ወዲህ ግን ሰማዩ ጠቆር ባለ ቁጥር "ጡሩምባ ያለበት ማደር ይሻላል" እያለ የእኔንም ተራ እዚያው ያድራል። ሽማግሌ ብሰበስብበት፣ "እሷም ልጆቿን ይዛ ክረምቱን ፋጤ ቤት ትክረም" አለ። እኔ! ፋጤ ቤት!

4. ቅናት ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ቅናት ነው። ቆርቆሮ ቤት ቀድሞ ተሠራላት፤ ዝም አልኩ። መብራት ቀድሞ ገባላት፤ ዝም አልኩ። አሁን ዝናቡ ሳይቀር በቢሮ ካርታ ለእሷ ተጻፈላት። ለገበያ ስትመጣ ሳይረኑ ሲሞከር እንዴት እንደሚጮህ ለደንበኞቼ ታወራለች፤ እኔ ጫት እያሰርኩ እሰማለሁ።

5. ባለፈው ነሐሴ፣ አመሻሹ ላይ፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ልጆቼ ቤት ነበሩ። በላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበር፤ ከተራራው ጀርባ ያለው ግን ከእኛ አይታይም። ስልኬ ጮኸ፤ ፋጤ ናት። ሳቢት እዚያው ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የደወለችው እሷ ናት። "ዝናቡ ወደናንተ ዞሯል፣ ልጆቹን አውጪ" አለችኝ። ሮጬ አወጣኋቸው። ወዲያው ጎርፉ የጓሮውን ግድግዳ ከነፍየሎቼ ጠርጎ ወሰደው።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገፋ፣

ሀ) ለሂርናም ሳይረን እንዲተከልልን፤
ለ) ተራራ የጋረደው ቦታ ዝናብ እንደሌለበት መቆጠሩ ቀርቶ፣ እዚያ የዝናብ መለኪያ ተተክሎ ጥናቱ እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ልጆቼን ያተረፈችው ፋጤ ናት፤ አልክድም። ነገር ግን ያን ቀን ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ላላነሳው ነበር። ልዘጋው ስል እጄ ተመልሶ ነው ያነሳሁት። የልጆቼ ነፍስ በእኔና በእሷ ስልክ ላይ እንዳይንጠለጠል አደራዎን።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ኡምኩልሱም ሙሜ
(ፊርማ)
ሂርና