ኢንተርኔት የተቋረጠ ሰሞን

ነሐሴ 24፣ 2008
ዝናብ። ቱሪስት የለም። እኛ አስጎብኚዎቹ ትኬት ቢሮው በር ላይ ተደርድረን ደመና እናያለን። ቤት ስገባ ያቺ ሰሞኑን በፌስቡክ የተዋወቅኋት ሊና የምትባለው ጽፋልኛለች። ላሊበላን በፎቶ አይታ ወዳዋለች። በረደህ ወይ፣ ምን በላህ ትለኛለች። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ...

መስከረም 9
በቪዲዮ አወራን። ልብሷን አወለቀች። አንተም አለችኝ። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፣ ልጅ አይደለሁ... እሺ አልኩ።

መስከረም 10
ሊና ሴት አይደለችም፤ ወንድ ነው፣ ራሱ ጻፈልኝ። ያየሁት ቪዲዮ የሌላ ሰው ነው። የእኔን ግን ቀድቶ አስቀርቷል። ገንዘብ ላክ፣ አለዚያ ለጓደኞችህ ሁሉ እበትነዋለሁ አለኝ። ሙጃ ከተማ ያለችውን እህቴን የሻረግን በስም ጠራት።

መስከረም 14
ያለኝን ላክሁ። ጨምር አለ።

መስከረም 16
ደመራ አልወጣሁም። አሞኛል አልኩ።

መስከረም 28
የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ሰው ሁሉ ያማርራል። እኔ ብቻ እፎይ አልኩ። ለማን ይነገራል ይሄ?

ጥቅምት 14
ለብቻዬ ተራራው ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ገዳም ወጣሁ። ገደሉ ጫፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። ምን አስቤ እንደነበር አልጽፍም። ለካ ባልደረባዬ ጋሻዬ ተከትሎኝ ነበር። በአስጎብኚነቱ ይቀድመኛል። ሰሞኑን ልክ አይደለህም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ነገርኩት።
«እኔንም አግኝተውኛል፣ አምና» አለ።
«አንተን?»
«ሚስትና ልጆች እያሉኝ። አስጎብኚውን ገብረመስቀልንም። ጋሸና ያለውን ሹፌርም። እያንዳንዳችን በእኔ ብቻ የደረሰ መስሎን አፍረን ተቀመጥን። ሥራችን ከማናውቀው ሰው ጋር መወዳጀት ነው፤ በቀላሉ ያገኙናል።»
እንዳልከፍል መከረኝ። እሱ በከፈለ ቁጥር ሲጨምሩበት ነው የከረሙት። እጄን ይዞ አወረደኝ።

ኅዳር 24
ኢንተርኔት ተመለሰ። ዛቻው ተቆልሎ ጠበቀኝ። አልመለስኩም። እንዳይጽፍልኝ ዘጋሁት።

ኅዳር 27
የሻረግ ደወለች። ሰውየው ቪዲዮውን ልኮላታል።
«አየሁት። አጠፋሁት» አለች።
ድምጿ ሲሰበር ሰማሁ።
«ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነበርክ?»
ቅዳሜ ሙጃ ና፣ እኔ ጋ ታድራለህ አለችኝ።

ታኅሣሥ 1
ሙጃ ነኝ። ሌላም ያየ ሰው ይኖራል... አላውቅም። ገበያ መሀል አንገቴን ደፍቼ ስሄድ የሻረግ ክንዴን ያዘችኝ። እህል ሻጩም ጨው ሻጯም ዘንድ እየቆመች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ወንድሜ ነው» ትላለች።