የዓርብ ቁልፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ዘሜ፣ ዛሬም ቻርጀሬን ይዘህብኝ ሄድክ አይደል? ነገ የፊዚክስ ፈተና አለብኝ፣ አንተ እራት ላይ ትለፈልፋለህ። "ነገ ዓርብ ነው፣ ሱቁ የኔ ነው!" አብሮህ የሚሠራው ሙናዊር ለጁምዓ ሲሄድ ቁልፉን ይሰጥሃል፣ ቅዳሜ ጠዋት ትመልስለታለህ። በቃ፣ ይኼው ነው። ባለሱቅ!

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ሱቃችሁ ያለበት ሕንፃ ተቃጠለ። ስልክህ አይሠራም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ሆስፒታሉ ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ሰው የጠፋበት ሁሉ እዚያ ይመዘገባል። መዝጋቢዋ ሲስተር ምስራ ትባላለች። ቁመት? የተነቀለ ጥርስ? የተሰበረ አጥንት? እማዬ "ልጄ አልሞተም! ምን ያደርግላችኋል?" ብላ ጮኸችባት። እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። ከዚያ የእማዬን ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠረገች። ለዲኤንኤ ነው።
የተሰበረ አጥንት የለውም አልኩ። አለህ እንዴ?
የሙናዊር እህት ሁሪያም መጥታ ነበር። ሙናዊር ከመስጊድ ሲመለስ ጭሱን አይቶ "ዘሜ ውስጥ ነው" ብሎ ሮጦ ገባ አሉ...

እሑድ፣ ኅዳር 15
ከሱቃችሁ አንድ አስከሬን ወጣ። ቁጥር አራት። ፊቱ አይለይም። ኪሱ ውስጥ የሱቁ ቁልፍ ተገኘ። ባለሱቁ አየውና "ቁልፍ የሚይዘው ሙናዊር ነው" ብሎ ፈረመ። የዓርቡን አያውቅም፤ የሁለታችሁ ነገር ነዋ።
እማዬ "ተመስገን" አለች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁሪያ አጠገባችን ነበረች።
ሲስተር ምስራ የዲኤንኤው ውጤት ይምጣ ብትል የነሁሪያ አጎት "ሬሳ አይቆይም እህቴ፣ ከፈኑን ገዝተናል" እያሉ ለመኑ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ተረታ። ነገ ጠዋት ይወስዱታል።
ዓርብ ቁልፉ አንተ ጋ ነው። ከተናገርኩ ሞተሃል ማለት ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ... ሌላ ሰው ብለው ሊቀብሩህ ነው?
ዝም አልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16
ቁርስ ሳልበላ ሮጥኩ። መኪና ላይ ሊጭኑት ነበር።
"ሲስተር፣ ዓርብ ዓርብ ቁልፉ ወንድሜ ጋ ነው!"
"ይኼ ልጅ ምን ይላል?" አሉ አጎታቸው።
ሁሪያ ብቻ ቀስ ብላ፣ "እውነቱን ነው፣ ሙናዊር ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚመልስልኝ ይለኝ ነበር... ዓርብ ነበር እኮ" አለች።
ሲስተር ምስራ የቃሬዛውን ጫፍ ያዘች። "ቁልፍ ከእጅ እጅ ይዞራል። የእሱም ቃል አይበቃም፣ የባለሱቁም አይበቃም። ውጤቱን እንጠብቃለን።" መልሳ አስገባችው።
እማዬ አላናገረችኝም። "አንተ ነህ የገደልከው" የምትለኝ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1
ውጤቱ መጣ። ቁጥር አራት አንተ ነህ።
ከደረጃው ሥር ያገኙት ቁጥር ዘጠኝ ሙናዊር ነው። አንተ ጋ አልደረሰም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5
ረቡዕ ተክለ ሃይማኖት ቀበርንህ። ሙናዊርንም በዚያው ቀን ቀበሩት። ትናንት ሠልስትህ ወጣ፣ ዘመዶች ሄዱ። ዛሬ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። ለካ ግድግዳው ጥግ ተለጥፌ ነው ያደርኩት፤ ቦታህን ለቅቄልህ። አልጋውን አነጠፍኩ። ፊቴን ታጠብኩ።
እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ሲስተር ምስራ በላስቲክ አሽጋ የሰጠቻትን ቁልፍ ዘረጋችልኝ። "የሰው አደራ ቤታችን አይዋል፣ ልጄ።" ልጄ አለችኝ።
በአብነት ሰፈር በኩል በእግሬ ወደነሁሪያ ቤት ሄድኩ። ሁሪያ ራሷ ከፈተችልኝ።
"ቅዳሜ ጠዋት ነው" አልኳት።
ሌላ ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም። እጇን ዘረጋች። ቁልፉን መለስኩልህ።