ማንጎ ልገዛ ሄጄ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሰው ሁሉ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ለዚህ ነው የሥነ ልቦና ባለሙያዬ ሄለን ዛሬ ከማገገሚያው ብቻዬን ወጥቼ ማንጎ እንድገዛ የላከችኝ። «ከሳቁብህ አትሽሽ፤ ምን እንዳሳቃቸው ጠይቅ» ብላኛለች።

መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ የሚሸጡት እናት ዋጋ ስጠይቃቸው የለበስኩትን የማገገሚያውን ልብስ አይተው ከት ብለው ሳቁ። ልሮጥ ነበር። እንደምንም፣ «እማማ፣ ምን አሳቀዎት?» አልኩ።

«ልጄ፣ እዚህ አሶሳ ማንጎ የሚገዛው መንገደኛ ነው። እናንተ ግቢ ወድቆ ይበሰብስ የለ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው! ሄለንስ ከአዲስ አበባ ገና መምጣቷ ነው፤ እዚሁ አጠገብ ማንጎ ሥር ያደግኩት እኔ የባምባሲው ልጅ ግን ምን ነካኝ? ለካ ፍርሃት ማንጎም ያስረሳል።

በነፃ የሰጡኝን አንድ ማንጎ ይዤ ተመለስኩ። ሄለን ነገሩን ስትሰማ አፏን ይዛ ሳቀች።

«አንቺስ ምን አሳቀሽ?» አልኳት። መጠየቅ ለምዶብኝ ቀረ።