ከበላሽ በኋላ የሚነበብ

ጥር 16 ቀን 1993 ዓ.ም.
ቀየት፣ መንዝ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለመምህርት ይዘንጋሽ
ጎባ፣ ባሌ

ሰላምታዬ በጓሳ ላይ እንደ በቀለው ሣር ይብዛልሽ። እንደምን ከርመሻል? ስለ እኔ የጠየቅሽ እንደሆነ ጉልበቴ አንድ እርምጃ በሄድኩ ቁጥር ይሰድበኛል እንጂ ምላሴ ደኅና ነው። አገሩ ሁሉ «ከጉልበታቸው ይልቅ ምላሳቸው በተያዘ» እያለ ይጸልያል አሉ።

የዘንድሮው ብርድ የጉድ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት መስኩ ላይ አቡጀዲ የተዘረጋ ይመስላል፤ ውርጩ ነው። በጎቹ ከጋጣው መውጣት ጠልተዋል። ጭሱም ወደ ላይ መውጣት አቅቶት እንደ እኔ ጣሪያው ላይ ተጋድሞ ይውላል። ባናዬን ደርቤ እሳቱ አጠገብ ቁጭ ነው። ዘንድሮ ጥምቀትም አልወረድኩም። ጉልበቴ ነው ብያለሁ።

አንቺስ ብትሆኚ ምን ጉድ ነሽ? ሰው ከመንዝ ወጥቶ ጎባ ይገባል? የሰው ልጅ ናዝሬት ይመደባል፣ አዋሳ ይመደባል፤ የእኔዋ ከጉም ወጥታ ጉም ውስጥ። ቢሆንም ባሌ የገብስ አገር ነው ሲሉ ሰምቼ ተጽናንቻለሁ። ገብስ ባለበት አገር የመንዝ ልጅ አትራብም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ተክለጻድቅ ነው፣ ያ ለስንዴ ጭነት ባሌ የሚመላለሰው ሾፌር ዘመዳችን። ከደብዳቤው ጋር አንድ አቁማዳ ይሰጥሻል። ውስጡ የድኩላ ቋንጣ ነው። በጣሳው ያለው የበግ ላት ነው፣ አቅልጬ ያረጋሁት። በጨርቅ የተቋጠረው ደግሞ በርበሬና ኮረሪማ።

ድኩላ ከየት አመጡ ትዪኝ ይሆናል። በገና ማግስት የጎረቤታችን የይታየው ውሾች ገደሉ ጫፍ ላይ አንድ አውራ ድኩላ አስነሡ። የኛን ብርድ ሳያውቅ ከቆላው ጫካ የወጣ ሞኝ መሆን አለበት። ሲሮጥ ውርጭ ያለበት ድንጋይ አንሸራተተውና ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ይታየው ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ባረከው። አደን ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ፤ መንግሥት የጠየቀሽ እንደሆነ ራሱ ተንሸራቶ ነው በዪ። ደግሞም እውነት ነው። በስተርጅና አንድ እውነት ሲገጥመኝ እንዴት ዝም ብዬ አልፈዋለሁ?

የሚገርመው ሌላ ነው። ይታየው ድኩላውን በጫንቃው አድርጎ ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ከኋላው ሚስቱ ጌታነሽ ድስቷን ታቅፋለች። ጌታነሽን መቼም አልረሳሻትም፤ ጨው ሲበደሯት ቆንጥራ ግማሹን የምትመልስ፣ ቅቤ በመርፌ ጫፍ የምታወጣ ሴት።

«አባባ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምሠራው» አለች።

«ምነው፣ ቤትሽ ተቃጠለ?»

«ኧረ እርስዎን ብዬ ነው። በዚህ ብርድ ብቻዎን…»

«ብቻዬን መሆኔን ዛሬ ነው ያየሽው?»

ሽንኩርቷን መክተፍ ያዘች።

እኔም መደቡ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየኋት። ያየሁትን ልንገርሽ፤ እንደዚያው ትሠሪዋለሽ። አያቴ ወጥ ያስተምሩኝ ጀመር ብለሽ እንዳትስቂ፤ ሴት አያትሽ ካረፈች ወዲህ ያልተማርኩት የለም፣ ያልተሳካልኝ ይብዛ እንጂ።

ድኩላ ዕድሜውን ሲሮጥ የኖረ ነው። እንደኛ በግ ላት ተሸክሞ አይዞርም። ሥጋው ደረቅ ነው፤ ቋንጣ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈሽ ልቡ እስኪራራ ተዪው። ቀይ ሽንኩርቱን አትሰስቺ። በደረቁ አቁላዪው፣ ቅባት ሳይነካው፤ ሊይዝብሽ ሲል ብቻ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጊለት። ሲሟሽሽ በርበሬውን ጨምሪና ታገሺ። የተማረ ሰው በርበሬ ላይ ይቸኩላል፤ ከዚያ ሆዴን አቃጠለኝ ብሎ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ላቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፣ ሥጋው ከላቱ በኋላ። ውኃ የፈላውን ጨምሪ፤ ቀዝቃዛ ካፈሰስሽበት ሥጋው ይቆጣል። ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ኮረሪማው መጨረሻ ላይ።

ጌታነሽ ቅቤም ጨመረችበት። ጨመረች ስልሽ አፈሰሰች። ድስቱን አየሁ፣ እሷን አየሁ።

«ጌታነሽ፣ ይታየውን ፈተሽ እኔን ልታገቢ ነው? አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ጥርስ የለኝም» አልኳት።

ይታየው እንዲህ ሲባል ሆዱን ይዞ የሚንከተከት ሰው ነው። ያን ቀን ጥርሱን ብቻ አሳየኝ። እሷም ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ምነው?» ብላት፣

«ሽንኩርቱ ነው አባባ» አለች።

አበሉኝ ልጄ። እንደ ሙሽራ አጎረሱኝ። «ይብሉ»፣ «ትንሽ ልጨምር»፣ «ይቺን ብቻ»። በቃኝ ስል ጌታነሽ «በሞ…» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘች፤ «በማርያም ይብሉ» አለችኝ። ለማርያም ብዬ በላሁ። ለማርያም ብዬ ድስቱን ጠረግሁ። እንዲያ ያለ ወጥ ከቀመስኩ ዘመን ሆኖኛል። የተረፈውን ሥጋ ይታየው ዘልዝሎ ሰቀለው፤ የኛ ጥር ንፋስ ለቋንጣ የተፈጠረ ነውና ቶሎ ደረቀ። እነሆ ድርሻሽ።

እንግዲህ ትእዛዜን ስሚ። ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን። ጾመ ነነዌም ደርሷል፣ ከዚያ በፊት ይሁን። ቅዳሜ ማታ ብትበዪው ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ትምህርት ቤት የለም። ብቻሽን አትብዪ። አከራይሽን ወይዘሮ ሸዋረጋን ጥሪያቸው፤ የሸዋ ሴት ናቸው፣ ድኩላ ከቀመሱ ዘመን ሳይሆናቸው አይቀርም። ተክለጻድቅም አብሮሽ ይበላል። እቸኩላለሁ አይልሽም፤ ጎባ እንዲያድር ነግሬዋለሁ።

ለወንድምሽ ለምንይሉ የሠራሽው ሹራብ ደርሶኛል። ቀለሙ ያምራል። ከዘመተ ወዲህ ትከሻው የሰፋ መስሎሽ ነው መሰል በጣም አስፍተሽዋል። ጦርነቱ ከቆመ ወዲህ ጽፎልኝ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። በየደብዳቤሽ ትጠይቂኛለሽ፤ አልሰለቸሁም፣ አትቆጪ። የሱን ነገር ሁለተኛው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛው ወረቀት የታል ብለሽ ፖስታውን አታራግፊ። ተክለጻድቅ ኪስ ውስጥ ነው፣ በጧፍ ሰም የታሸገ። አውቅሻለሁና ለአንቺ አልሰጠሁም። በልተሽ ከተኛሽ በኋላ፣ ጠዋት ይሰጥሻል። ልጆች ሆናችሁ ተረት እጀምርላችሁና «እራቱ ካላለቀ የጅቡን መጨረሻ አልናገርም» እላችሁ ነበር። አንቺ እህል ትጠያለሽ፤ ምንይሉ የጅቡ መጨረሻ እንዳያመልጠው የራሱን ጨርሶ ያንቺንም በስርቆት ይበላልሽ ነበር። የማላይ መስሏችሁ።

እህ፣ አሁንም እሱው ነው። ወጡን ሥሪ፣ ብዪ፣ ተኚ። እምቢ ካልሽ እራገማለሁ፤ እርግማኔ ደግሞ እንደ ምርቃቴ አይደለም፣ ፈጥኖ ይደርሳል።

አያትሽ ወልደ ሥላሴ

*

ሁለተኛው ወረቀት

በልተሻል? ድርሻሽን በሙሉ? የሚያግዝሽ የለምና ራስሽ መጨረስ ነበረብሽ።

እንግዲህ የጅቡን መጨረሻ ልናገር።

ያን ቀን በልቼ ጠግቤ ተኛሁ። እኔ ወልደ ሥላሴ! በዚህ አገር ለመርዶ ሲኬድ ከፊት የምቆመው እኔ አይደለሁም? የስንቱን በር ጎህ ሳይቀድ መታሁ። «አስቀድማችሁ ማታውን አብሉት፤ በባዶ ሆዱ አይስማ፤ ከሰማ ወዲያ እህል አይወርድለትም» እያልኩ ጎረቤቱን ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ጌታነሽም ከእኔው ነው የተማረችው። እሷ ቅቤ ስታፈስ አልገባኝም። ይታየው ሳይስቅ ሲቀር አልገባኝም። ሽንኩርቱ ያኔ በርበሬ ጠጥቶ በስሎ አልቋል፤ የበሰለ ሽንኩርት ሰው አያስለቅስም። በሞቴ ብላ ማጉረስ ለምን እንደፈራች አልጠየቅሁም። ጣፈጠኝ እኮ ልጄ። ሌላ ምን ልበልሽ? ሥጋው ጣፈጠኝ።

ጎህ ሲቀድ ውሻዬ አልጮኸም፤ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። በሩን ስከፍት ይታየው፣ የነፍስ አባቴ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው ውርጩ ላይ ቆመዋል። ጌታነሽ ከኋላ ናት። እኔም እንደ ልማዴ የምለው ፈለግሁ፤ አጥቼ አላውቅም ነበር።

«ወጡ አልቋል፤ ዘግይታችኋል» አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም።

ያኔ ገባኝ። ከዚያ ያሉትን ቃል እኔ በእጄ አልጽፈውም። ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ለአንቺ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ለለቅሶው የወንድምሽን ልብስ አውጣ አሉኝ። ያን እሳት የበሳውን አሮጌ ጋቢውን ሰጠኋቸው፤ በሱ ላይ ተለቀሰ። ጌታነሽ ሙሾ ታወርዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም፤ አገሩን አስለቀሰችው። ያን ቆንጣሪነቷን ዳግመኛ በአፌ አላነሣም። ሹራብሽን ግን አላወጣሁም። ገላውን ያላወቀ ልብስ ላይ ምን ተብሎ ይለቀሳል? አሁን እኔ ለብሼዋለሁ። ትከሻው ሰፍቶኛል፣ እጀታው ጣቶቼን ይውጣቸዋል፤ እየሰበሰብኩ ነው የምጽፍልሽ። ይሞቃል። እጅሽ ይባረክ።

አየሽ፣ ከለቅሶው ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ አንቺ ነሽ። የኛ አገር ሰው የማይደርስበት የለም። አንዱ ገበያ መሐል ያገኝሽና «እግዜር ያጥናሽ» ይልሻል ብዬ ፈራሁ፤ ቁርስ ሳትበዪ፣ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ ሳይኖር፣ በዚያ በማያውቅሽ አገር። እኔ ልመጣ ተነሥቼ ነበር። ይታየው እስከ አውቶቡሱ ሊያደርሰኝ ደግፎኝ ወጣ፤ ጉልበቴ መንገድ ላይ ቀረ፤ አዝሎ መለሰኝ። ሰው ሲያየኝ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱም አልሳቀም። ስለዚህ እግር ያለውን ተክለጻድቅን ላክሁልሽ። ያ ድኩላ ለእኔም ደረሰ፣ ለአንቺም ደረሰ።

ስላቄልኩሽ አትቆጪኝ። ትናንት ማታ እየሳቅሽ በልተሽ እንደሆነ እኔ የፈለግሁት እሱን ነው። አንድ ማታ ላተርፍልሽ ብዬ ነው።

ይህን ወረቀት ተክለጻድቅ ሲሰጥሽ በሩ ላይ ሰዎች ቆመው ይሆናል። ወይዘሮ ሸዋረጋ ጎረቤቱን እንዲጠሩልሽ ልኬባቸዋለሁ። አላውቃቸውም አትበዪ፤ ለዚህ ጉዳይ ጎህ ሲቀድ የመጣ ሰው ዘመድ ነው። የሚባል ነገር የጠፋብሽ እንደሆነ «ወጡ አልቋል» በያቸው። እነሱ አይገባቸውም፤ እኔ እዚህ ሆኜ እሰማሻለሁ።

የአንቺን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሞት ይዘንጋሽ ብዬ። የሱን ስናወጣ ያን ያህል አላሰብንበትም። ይዘንጋሽ፣ ደግሜ፣ ደጋግሜ ይዘንጋሽ። የጓሳው ጌታ፣ ለበግ ሱፍ የሰጠ፣ ለአንቺም የሚሸፍንሽ አያሳጣሽ። ከእኔ በኋላ ኑሪ። ይኸን እንኳ በተራው ያድርግልኝ።

ሁዳዴ ሲፈታ ነዪ። እኔ አበስላለሁ። ሳላቄልሽ።

በይ አሁን ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ልበሺና በሩን ክፈቺላቸው። ብርድ ላይ ቆመዋል።

አያታችሁ
ወልደ ሥላሴ