አቶ ዓምሃ ወልደየስ እና መሐሉ ባዶ የቀረው መናፈሻ

አቶ ዓምሃ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሾዴ ኡርጌሳ በጥር ወር 1926 ዓ.ም. በዚሁ በጉለሌ ተወለዱ። አባታቸው አናጢ፣ እናታቸው አዲሱ ገበያ ጌሾ ነጋዴ ነበሩ። አቶ ዓምሃ የት ተወለዱ ሲባሉ «አዲስ አበባ» ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ «ጉለሌ» ነበር መልሳቸው፤ ጉለሌ ራሱን የቻለ አገር ይመስል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። የመምህርነት ሥልጠናቸውን እንደጨረሱ በ1948 ዓ.ም. ፍቼ ተመደቡ። የእርሻና የሳይንስ መምህር ሆነው ጥቂት ዓመታት እዚያው ካገለገሉ በኋላ ወደ ተወለዱበት ሰፈር ተዛውረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አስተማሩ። ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸው ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ከእናንተ መካከል ጥፍሩ ውስጥ አፈር ሳይገባ የእርሳቸውን ፈተና ያለፈ ያለ አይመስለንም።

በ1952 ዓ.ም. በፍቼ ሳሉ ከወይዘሮ ማሚቴ ይልማ ጋር በተክሊል ተጋብተው የሺን፣ ሠርካዲስንና ቦጋለን ወለዱ። ወይዘሮ ማሚቴ ስለ ባለቤታቸው ሲጠየቁ «ደግ ነው፣ ግን ከያዘ አይለቅም» ይሉ ነበር። እኛ ልጆቻቸውም ይህን እንመሰክራለን። ቤታችን ውስጥ ውኃ ጠጥቶ የተረፈውን መሬት ላይ የደፋ ልጅ ጉድ ይፈላበት ነበር፤ የተረፈው ሁሉ ለችግኝ ነው።

ወይዘሮ ሾዴ የመጨረሻ ልጃቸውን ስብሐትን የወለዱት አቶ ዓምሃ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። አቶ ዓምሃ ታናሽ ወንድማቸውን እንደ ልጃቸው አሳደጉት፤ ደብተር ገዙለት፣ ገረፉት፣ አቀማጠሉት። ስብሐት ገና ተማሪ ሳለ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ተገደለ። ያን ጊዜ «የአብዮት ጠላት» ለተባለ ሰው ድንኳን መጣል ቀርቶ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ክልክል ነበር። ሬሳውንም አልሰጧቸውም። ወይዘሮ ሾዴ በራቸውን ዘግተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚል አንድ ጎረቤት አልመጣም። ሰው ፈርቶ ነው፣ አንፈርድበትም። ከዚያ ወዲያ ግን እኒያ ሴት የሰው ለቅሶ መድረስ ተዉ፤ ድንኳን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። «እናቴ ልጇን አላለቀሰችም» የሚለው ነገር አቶ ዓምሃን እንዳንገበገባቸው ኖረ።

በ1972 ዓ.ም. ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በወረደ መመሪያ በቀበሌያችን የመናፈሻና የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የእርሻ መምህር ናቸውና አቶ ዓምሃን ሰብሳቢ አደረጓቸው። ባለሱቁና የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ አቶ ሸፊ ሬድዋን፣ እንዲሁም ከሴቶች ማኅበር የተወከሉት ወይዘሮ ቡርቱካን አባል ሆኑ። ስሙ ረጅም፣ እጁ አጭር ኮሚቴ ነበር። ይመክራል እንጂ አይወስንም፤ በጀት የለው፣ ማኅተም የለው። ያለው ንብረት ቅዳሜ ከሰዓት የሚቀመጡበት፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጓሮ የተጣለ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው።

ግን እንዴት ያለ ኮሚቴ ነበር! አቤቱታ ሲመጣላቸው ወንበር ላይ ሆነው አይፈርዱም፤ ተነሥተው ሄደው ያያሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽንም እዚያው አቁመው ይሰማሉ። ጠላ ሻጮች አተላቸውን ወንዝ ውስጥ ይደፋሉ ተብለው ሲከሰሱ የኮሚቴው አባላት አፍንጫቸውን ይዘው ወረዱና አተላው ላም ለሚያረቡ ጎረቤቶች እንዲሰጥ መከሩ። ወንዙም ላሞቹም ተደሰቱ። የወይዘሮ ዘይነብ ፍየል ችግኝ ግጣ የተገኘች ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ «ትቀጣ» ሲል አቶ ዓምሃ «የለም፣ ከዛሬ ጀምሮ የችግኞቹ ጠባቂ ራሳቸው ዘይነብ ይሁኑ» አሉ። ወይዘሮ ዘይነብ ምን ዓይነት ጠባቂ ወጣቸው! ፍየላቸውን አስረው የሰውን ልጅ ሁሉ ማባረር ያዙ። የዛሬ አባወራዎች ያኔ በአርጩሜያቸው የተገረፉ ናቸው።

የኮሚቴው ትልቁ ሥራ የሰፈራችን ግርጌ ያለው ሜዳ ነበር። በዊንጌትና በጳውሎስ መካከል እንዲያ ያለ ሜዳ አልነበረም፤ ኳስ የሚጫወቱበት፣ በርበሬ የሚያሰጡበት፣ ደመራ የሚደምሩበት፣ ከሁሉም በላይ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ነው። ቤቶቻችን ጠባብ፣ መንገዶቻችን ቀጫጭን ስለሆኑ ሰው ሲሞት ለቅሶ መቀመጫው እርሱ ብቻ ነበር። ይህን ሜዳ ለመጋዘን ሊሰጡት ነው የሚል ወሬ መጣ። አቶ ዓምሃ ሮጠው «ለሕዝብ መናፈሻ ይሁን» የሚል ምክር አቀረቡ። ጊዜው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ነበርና ምክራቸው ተቀባይነት አገኘ፤ ሰፈሩ እልል አለ።

እልልታው ሳይበርድ ዕቅዱ ከላይ ወረደ። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ስንዝር ሳይቀር፣ በችግኝ ይሸፈን ይላል። አቶ ሸፊ ዕቅዱን አዩና «ጋሼ ዓምሃ፣ ደግ ሠርተዋል፤ ግን ስንሞት የት ሊዘረጉን ነው? ዛፍ ላይ?» አሉ። አቶ ዓምሃ ሜዳውን ከመጋዘን ሲያድኑ ለቅሶውን ማስቀረታቸው ነበር። የእናታቸው ነገር በዓይናቸው መጣ፤ በእርሳቸው ምክር የተነሣ ሌላ እናት በር ዘግታ ልታለቅስ ነው። «መሐሉን ባዶ እንተወዋለን» አሉ በመጨረሻ፤ «ልክ ድንኳኑ የሚያህለውን።»

ድንኳኑ ስንት እንደሚያህል ግን በሜትር የሚያውቅ አልነበረም። እናም አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንኳኑን ከዕቃ ቤት አውጥተው ሜዳው ላይ ተከሉት፤ በዙሪያው ችካል መትተው ገመድ ሊወጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ረሱ። ለሰፈሩ ሰው አልተናገሩም።

ድንኳን ተተክሎ ያየ ሁሉ ሰው ሞቷል ብሎ ወጣ። ጥሩምባ ሳይሰሙ የቀሩ መስሏቸው ራሳቸውን እየወቀሱ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መጡ። ሴቶቹ ከመንገድ ጀምረው ዋይታውን አቀለጡት። አቶ ሸፊ እየሮጡ «ኧረ ማንም አልሞተም! ወላሂ ማንም አልሞተም!» ቢሉ፣ መርዶ እየደበቁ ነው ተብሎ ለቅሶው ባሰ። አንዱ ሌላውን ሲያይ «አንተ ካለህ ታዲያ ማነው?» ይባባላል። አቶ ዓምሃ ገመድ በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ይህን ሲያወሩን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቁ ነበር፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሲያወሩ ግን ሳቃቸው ይቋረጣል።

ወይዘሮ ሾዴ ከቤታቸው ወጥተው ሲወርዱ ታዩ። ድንኳን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ የነበሩት ሴት ዛሬ ቀጥ ብለው መጡ፣ ገቡ፣ ጥግ ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያም «ለማን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ለስብሐቴ ነው። ዘገያችሁ እንጂ አልቀራችሁም።»

ማን «አይደለም» ይበላቸው? ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገባና አብሯቸው ተቀመጠ። ወይዘሮ ሾዴ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የዋጡትን ለቅሶ አወጡት። ስሙን እየጠሩ፣ ቁመቱን እያነሡ፣ የሚወደውን እየዘረዘሩ አለቀሱ። ወይዘሮ ቡርቱካን ደገፏቸው። አቶ ዓምሃም ገመዱን ጥለው ከእናታቸው እግር ሥር ተደፉ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በዳሳ ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ፣ የአብዮት ጥበቃ አስከትለው ደረሱ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሊያስከትል የሚችለውን የማያውቅ አልነበረም። «ማነው የሞተው?» አሉ ሊቀመንበሩ። አቶ ዓምሃ ፊታቸውን ጠርገው ተነሡ። «ማንም አልሞተም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ኮሚቴው የመናፈሻውን መሬት እየለካ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ምን ያስለቅሰዋል?»

አቶ ሸፊ ከኋላ ሆነው «መሬቱ ጠቦን ነው፣ ጓድ» አሉ።

የሳቀ የለም። ጓድ በዳሳ ጥግ የተቀመጡትን ወይዘሮ ሾዴን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። እርሳቸውም የሰፈሩ ልጅ ናቸው፤ ስብሐት ኳስ ሲጫወት ያውቁታል። በመጨረሻ «እንግዲያውስ ለኩ» አሉ። «ግን በደንብ ለኩ፤ ኋላ ተሳሳትን እንዳትሉኝ።» ጠባቂዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ልኬቱ እስከ ሠልስት ድረስ ቀጠለ፤ የሰፈሩ ሰውም በየተራ እየመጣ ሲያስለካ ሰነበተ።

መናፈሻው በዚያ ክረምት ተተከለ። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው ዙሪያውን ሲይዝ መሐሉ ባዶ ሆነ። ለቁጥጥር የሚመጡ ኃላፊዎች ባዶውን ሲያዩ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላቸውና፣ በጭብጨባ ታጅበው መሐል ላይ ችግኝ ተክለው ይሄዱ ነበር። በማግሥቱ ኮሚቴው ችግኙን ከነአፈሩ አንሥቶ ወደ ዳገቱ ያዛውረዋል። ዛሬ ዳገቱን የሞላው ደን በአብዛኛው የእነዚያ ኃላፊዎች ተክል ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ወይዘሮ ሾዴ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቀርቶባቸው አያውቅም። በ1978 ዓ.ም. ሲያርፉ የእርሳቸውም ድንኳን እዚያው ተተከለ። ኮሚቴው ከዘመኑ ጋር ቢያልፍም አቶ ዓምሃ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት ወርደው ከዛፎቹ ጋር ይውሉ ነበር። ሰዎች «ያ ዘመን ምን ትዝ የሚል ነገር አለው?» ሲሏቸው «ሰዉ» ብለው ይመልሱ ነበር። እኛም ያንን አግዳሚ ወንበር፣ የአቶ ሸፊን ቀልድ፣ የወይዘሮ ዘይነብን አርጩሜ ስናስብ ሆዳችን ይባባል። ዛሬ ከኮሚቴው አባላት በሕይወት ያሉት ወይዘሮ ቡርቱካን ብቻ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጥልን።

አቶ ዓምሃ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነው ያሳሰባቸው ሌላ ሳይሆን አንዲት ወይራ ነበረች። «ቅርንጫፏ ወደ ባዶው ቦታ ገፍቷል፤ ድንኳኑን ይወጋዋል፣ ቁረጡት» አሉን። በሕይወታቸው ቅርንጫፍ ቁረጡ ብለው ሲያዙ ሰምተናቸው አናውቅም። ለማን ድንኳን እንደሆነ ገባንና እያለቀስን ቆረጥነው።

አቶ ዓምሃ ወልደየስ ኅዳር 11 ቀን 2002 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና እጃቸው ላይ ካደገው ሰፈር ተለይተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ፣ በለመለመው ስፍራ ያኑርልን፤ ለቤተ ሰባቸውም መጽናናትን ያድልልን።

ከቀብር መልስ የምንቀመጠው እዚያው መሐሉ ላይ ነው፤ ድንኳኑ በልኩ ገብቷል። ለአቶ ዓምሃ ስታለቅሱ የስብሐትንም ስም አብራችሁ ጥሩልን፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጥሩት፣ ዛሬ የሚከለክላችሁ የለም።